ባዶ የሆነውን የአዲስ ቤት ግቢ አትክልት ስለ ማልበስ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት

ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ዓይኑ በግድግዳውና በጣራው ላይ ነው፤ ግቢውን የሚያየው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚያገኘው የተረገጠ መሬት፣ የድንጋይ ስብርባሪ፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ትራፊ፣ ከመሠረቱም ተቈፍሮ የወጣ ፍሬ የሌለው አፈር ነው። ሣር እንኳ በቶሎ አይበቅልበትም። ስለዚህ አንዱ ሰው «ይህ መሬት ምንም አይሰጥም» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላውም በችኰላ ዘር ይበትንበትና ዘሩ በጠፋ ጊዜ ተስፋ ይቈርጣል። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው፤ ይኸውም የሥራውን ተራ አለማወቅ ነው።

ተራውም እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ውሃውን ማስያዝ፣ ሁለተኛ አፈሩን መመገብ፣ ሦስተኛ መዝራት። ይህን ተራ የጠበቀ ሰው ከዚህ በፊት መቈፈሪያ ይዞ የማያውቅ ቢሆንም በአንድ ዓመት ውስጥ ፍሬ ያያል። ተራውን ያፈረሰ ግን ገበሬ እንኳ ቢሆን ድካሙን ጐርፍ ይወስድበታል።

ስለ አገሩ ጠባይ

መሰላ በምዕራብ ሐረርጌ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። የጨርጨር ተራራ ውሃ የሚከፈልበት ነው፤ በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ከውሃውም ጋራ አፈር ይሄዳል። ውሃው በሌላ ዓመት ዝናብ ሆኖ ይመለስ ይሆናል፤ ወደ ቈላ የወረደ አፈር ግን ወደ ተራራው አይመለስም። የአገሩ ሰው ማሽላና በቈሎ ይዘራል፤ ቡናና ጫት ይተክላል፤ ሰንጋም በቤቱ አስሮ ያደልባል። የእርሻው መሬት ጠባብ፣ ቤተ ሰቡ ብዙ ስለ ሆነ በቤት ዙሪያ ያለች ጥቂት ቦታ እንኳ ልትናቅ አይገባም።

ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ የክረምትም ዝናብ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘንማል። ሁለቱም አንዳንድ ዓመት ይጐድላሉ። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ በሚባለው የአየር መለዋወጥ ምክንያት ዝናብ ስለ ጐደለ፣ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ብርቱ ድርቅ ሆኖ ብዙ ሕዝብ የእህል ርዳታ ጠባቂ ሆኗል። አንድ መደብ ጐመን እንዲህ ያለውን ዘመን አያሸንፍም፤ ነገር ግን ዝናብን በግቢው ማቈየት የለመደ ቤት ከማያውቀው ይልቅ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ለሕፃናት ጥቂት ሳምንት ብዙ ነው።

አፈር ሲታጠብ የሚደርሰውን ነገር ለማየት ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ማሰብ ይበቃል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ነበር። ምክንያቱም አንድ አልነበረም፤ ውሃው ለጫትና ለአትክልት መስኖ እንደዚሁም ለከተማ መጠጥ ከልክ በላይ ተቀዳ፤ ከዙሪያውም ኰረብታ የታጠበ ደለል ወለሉን ሞላው። ኋላም ውሃው በከፊል ተመልሷል። እንግዲህ በየግቢው የሚታየው ትንሽ ቦይ ብዙ ሆኖ በተሰበሰበ ጊዜ ሐይቅ እስከ መሙላት እንደሚደርስ መምህሩ ለተማሪዎቹ ያስረዳ።

በ1910ዎቹ ዓመታት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ባስተዳደሩበት ጊዜ አውራጃው ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪም የዚያ አሳብ ከተማ ነበረች። ምሳሌነት ግን በከተማ አያልቅም፤ በትምህርት ቤት ግቢም ሊታይ ይችላል።

1ኛ፤ ግቢውን ስለ መመርመር

ጀማሪ የሆነ ሰው መቈፈሪያ ከማንሣቱ በፊት አንድ ዝናብ ቆሞ ይይ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚሮጥ፣ የትስ እንደሚቈም ያስተውል። በሚሮጥበት በኩል አፈር ይታጠባል፤ በሚቈምበት በኩል ሥር ይበሰብሳል። ይህን ሳያይ መደብ የሠራ ሰው መደቡን በጐርፍ መንገድ ላይ ይሠራዋል።

ከዚህ በኋላ አፈሩን ይመርምር። አንድ የጠርሙስ ዕቃ እስከ ሲሶው አፈር፣ እስከ አፉ አቅራቢያ ውሃ ሞልቶ አጥብቆ መናጥ፣ ከዚያም ማሳደር ነው። አሸዋው በጥቂት ደቂቃ ከታች ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ደቃቁ አፈር ያርፋል፤ ሸክላው አፈር ግን ብዙ ሰዓት በውሃው ውስጥ ይቈያል። የሦስቱ ንብብር በማግሥቱ ይታያል። አሸዋ የበዛበት ውሃ አይይዝም፤ ሸክላ የበዛበት ውሃ አያሳልፍም፤ የሁለቱም መድኀኒት ግን ብስባሽ ነው።

ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃ መሙላት ያስፈልጋል። ውሃው በማግሥቱ ገና ቆሞ ቢገኝ፣ ግንበኞችና ጋሪዎች የረገጡት መሬት ከታች እንደ ድንጋይ ጠጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መሬት ሳይሰበር ዛፍ ቢተከልበት፣ ዛፉ በድስት ውስጥ እንደ ተተከለ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ግቢው መጽዳት አለበት። ምስማር፣ የቆርቆሮ ቍራጭና የጠርሙስ ስብርባሪ ልጆች በባዶ እግር ከመግባታቸው በፊት በአዋቂ ሰው ይለቀሙ። የሲሚንቶና የኖራ ትራፊም ወደ አፈሩ አይቀበር፤ አፈሩን ያደርቃል፤ ለብዙ ተክል የማይስማማ ያደርገዋል። ድንጋዩ ግን አይጣል፤ ለካብ ይጠቅማል።

2ኛ፤ ውሃውን ስለ ማስያዝ

የቆርቆሮ ጣራ ያለው አዲስ ቤት ለግቢው ጠላትም ወዳጅም ነው። ይህንንም በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 960 ሊትር ይሰጣል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 48 ጊዜ የሚሞላ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ጣራው በአንድ መስመር ላይ ሲያፈስሰው መሬቱን ይቦረቡራል፤ ተቀብለው ሲያስቀምጡት ግን ከምንጭ በጀርባ የሚመጣውን ውሃ ያስቀራል።

ስለዚህ አሸንዳ መግዛት የቻለ ሰው አሸንዳ ያድርግ፤ በርሜል ወይም ገንዳ ከሥሩ ያኑር። ክዳንም ይኑረው፤ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት፣ ሕፃንም እንዳይገባበት ነው። አሸንዳ የሌለው ደግሞ ጣራው በሚያንጠባጥብበት መስመር ጠጠር ያንጥፍ፤ ከዚያም ውሃውን በቀስታ ወደ አትክልቱ የሚወስድ ቦይ ያውጣ። በቦዩ መጨረሻ ለፓፓያ ወይም ለሙዝ የሚሆን ጕድጓድ ቢኖር፣ ለዚያ ተክል የሚስማማ ሙቀት ባለበት ስፍራ፣ ውሃው በከንቱ አይሄድም።

ግቢው ዘቅዛቃ የሆነ እንደ ሆነ መደቦች ሁሉ ተዳፋቱን አቋርጠው ይሠሩ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይሠሩ። ትክክለኛውን መስመር ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፍና ጫፋቸው ይታሰራል፤ እግራቸው ተራርቆ ይቆማል፤ በወገባቸው አንድ አግዳሚ እንጨት ይታሰራል፤ ከላይኛውም ጫፍ ድንጋይ ያለበት ገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ አግዳሚውን የሚነካበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ እግሮቹ ቦታ ለቦታ ተለዋውጠው ሌላ ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ እውነተኛው ልክ ነው። ገመዱ በዚያ ልክ ላይ በዋለ ጊዜ ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እንዲህ እያደረጉ በየርምጃው ችካል መትከልና በችካሉ መስመር ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ መደርደር ነው።

እርከን መሥራት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ለብዙ ትውልድ የካቡት እርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሐረርጌም ተራራ ላይ እርከን ያልሠራ ወይም ሲሠራ ያላየ ሽማግሌ ጥቂት ነው። መምህሩ በዚህ ጊዜ አስተማሪነቱን ለሽማግሌው ቢለቅ ይመሰገናል፤ እርሱ ልኩንና ሒሳቡን ያስተምር፤ አባቶች ደግሞ ድንጋይ እንዴት እንደሚገጥም ለልጆቹ ያሳዩ።

3ኛ፤ አፈሩን ስለ መመገብ

የተረገጠው መሬት የሚሰበረው ከዝናብ በኋላ ጥቂት ጠፍ ብሎ ሳለ ነው። ጭቃ ሳለ ቢቈፈር ሲደርቅ ጓል ይሆናል፤ ፈጽሞ ደርቆ ሳለም ሰውን ያደክማል። ሲቈፈርም የላዩ አፈር ከላይ፣ የታቹም ከታች ይቅር፤ በዶማ የታቹን ማላላት እንጂ ወደ ላይ ማውጣት አይገባም። ፍሬ የሚሰጠው ሕይወት ያለበት የላዩ አፈር ነውና። ግንበኞች የላዩን አፈር በአንድ ጥግ ከምረውት እንደ ሆነ ያ ክምር ከሁሉ በፊት ተፈልጎ ወደ መደቡ ይመለስ።

ቀጥሎ ብስባሽ ይዘጋጅ። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው እስከ ወገብ የሆነ ክምር በጥላ ሥር ይሠራል። በመጀመሪያ ደረቅ ነገር፣ በላዩ ለምለም ቅጠል፣ በላዩ ፍግ፣ በላዩም ጥቂት አፈር ይነጠፋል፤ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ እንዲህ እየተደረበ ይሄዳል። በሐረርጌ የማሽላ አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ ስለሚፈለግ ለብስባሽ ስጡ ቢባል ሰሚ አይገኝም። ነገር ግን ሰንጋ በቤት ታስሮ በሚቀለብበት አገር ከብቱ የተወው የመኖ ትራፊ፣ ከሽንቱና ከፍጉ ጋራ ተረግጦ፣ ከደጅ አይጠፋም። ለብስባሽ ከዚህ የበለጠ አይፈለግም።

ክምሩ በሳምንታት ልዩነት ይገለበጥ። እየበሰለ መሆኑን ለማወቅ አንድ ረዘም ያለ በትር ወደ መካከሉ ሰዶ ጥቂት ቈይቶ ማውጣት ነው። በትሩ ሞቆና ረጥቦ ቢወጣ ሥራው መልካም ነው፤ ደርቆ ቢወጣ ውሃ ይጨመር፤ መጥፎ ሽታ ቢሸት ውሃው በዝቷልና ተገልብጦ ይናፈስ። ብዙውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ ጥቍርና ፍርክስ የሚል፣ የጫካ አፈር ሽታ ያለው ይሆናል። ትኵስ ፍግ ግን በቀጥታ በችግኝ ሥር አይደረግ፤ ሥሩን ያቃጥላል።

4ኛ፤ ከጥቂት ስለ መጀመር

«ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለአትክልት ጀማሪ የተነገረ ይመስላል። ይህንም በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ መንደር አዲስ ቤት የሠሩ ሁለት ጐረቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው ግቢውን በሙሉ በአንድ ሳምንት አስቈፍሮ ጐመን፣ ሽንኵርት፣ ካሮትና ቲማቲም በአንድ ጊዜ ይዘራል። ውሃ የሚያጠጣበት ጕልበት ለሩቡም አይበቃውም፤ አረሙ ይቀድመዋል፤ የተረፈውን የጐረቤት ፍየል ይበላዋል። ሁለተኛው አንድ መደብ ብቻ ይሠራል፤ እርሱኑ በደንብ ይመግባል፤ በሌላው ቦታ ላይ መሬት ሸፋኝ ተክል ብቻ ያኖራል። በዓመቱ የፊተኛው ግቢ ወደ ባዶነቱ ይመለሳል፤ የሁለተኛው ግን ሁለተኛ መደብ ይጨመርበታል።

አንድ መደብ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ቢሆን ይበቃል። እንዲህ ያለው መደብ ከሁለት ወገን በእጅ ስለሚደረስበት ማንም ሊረግጠው አያስፈልግም። በየካሬ ሜትሩ 2 ወይም 3 አካፋ የበሰለ ብስባሽ ይደባለቅበት። የጐመን ችግኝ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በ3 ረድፍ ቢተከል 36 ሥር ይይዛል፤ ቅጠሉም ከታች እየተቀጠፈ ለብዙ ወራት ይበላል። ጐመን፣ ሽንኵርትና ቲማቲም በመደብ ፈልተው ይዛወራሉ፤ ካሮት ግን መዛወርን አይወድምና በቦታው ይዘራ። ችግኝ የሚዛወረው ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወደ ማታ ነው።

ገና ላልተመገበው ለቀረው ግቢ ስኳር ድንች፣ ዱባና ቦሎቄ ይስማማሉ። ስኳር ድንችና ዱባ በቅጠላቸው መሬቱን ከፀሐይና ከዝናብ ጠብታ ይሸፍናሉ፤ ቦሎቄ ደግሞ በሥሩ ባሉት እባጮች አማካይነት ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይጨምራል። ስለዚህ ቦሎቄ ሲታጨድ ሥሩ አይነቀል፤ ግንዱ ይቈረጥና ሥሩ በመሬት ይቅር። በጓሮው ጥግም ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ቢኖሩ ትንሽ ቦታ ይዘው ብዙ ያገለግላሉ።

5ኛ፤ ስለ አጥርና ስለ ዛፍ

አጥር የሌለው አትክልት ለፍየልና ለዶሮ የተዘራ ነው። በአገሩ ቅንጭብ ለአጥር የተለመደ ነው፤ ቶሎ ይጸድቃል፤ ከብትም አይበላውም። ነገር ግን ወተቱ ዓይንን አጥብቆ ስለሚጐዳ ትምህርት ቤት ባለበት ግቢ ልጆች እንዳይቈርጡትና እንዳይጫወቱበት ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው። በእርከን ጫፍ ላይ የዝሆን ሣር ቢተከል አፈሩን በሥሩ ያስራል፤ ታጭዶም ለሰንጋ ይሆናል።

ለጥላ ዋንዛ መልካም ነው፤ አበባው ለንብ፣ ቅጠሉ ለአፈር፣ እንጨቱ ለዕቃ ይጠቅማል። ለፍሬም እንደ ከፍታው ዘይቱና፣ አቮካዶ፣ ሎሚ ወይም ኮክ ይመረጥ። የዛፍ ጕድጓድ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከመትከሉም አስቀድሞ ተቈፍሮ ይቈይ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ረድቷል፤ ነገር ግን ውሃ ሻሚ ስለ ሆነ ከአትክልት መደብና ከምንጭ ርቆ ይተከል።

6ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚሠራበት ጊዜና ሥርዓት

የትምህርት ቤት አትክልት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በድርቅ ሳይሆን በዕረፍት ነው። ዝናብ በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አረምና ፍየል ግን ዕረፍት የላቸውም። ስለዚህ ሥራው በዓመቱ ላይ እንዲህ ይደልደል።

በመስከረምና በጥቅምት ግቢው ይመርመር፣ ይጽዳ፣ ለምለም ቅጠልም ሳይደርቅ ብስባሽ ይከመር። ከኅዳር እስከ ጥር መስመሩ ይለካ፣ ካቡ ይካብ፣ ቦዩ ይውጣ፣ አጥሩ ይጠር። በየካቲት መደቡ ይዘጋጅ፤ ችግኝ በጥቂት ውሃ ይፍላ። በመጋቢት በልግ ሲጀምር ይዛወር፤ ተማሪዎች ገና በትምህርት ላይ ሳሉም ፍሬውን ይዩ። በሰኔ ዛፍ ይተከል። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ሽማግሌዎች ተሰብስበው በክረምቱ ግቢውን በተራ የሚጠብቁትን ቤተ ሰቦች ይወስኑ፤ የጠበቀም ከፍሬው ይካፈል። ይህ ውሳኔ ሳይደረግ የተተከለ ሁሉ ለመስከረም አይደርስም።

ሁለት ነገር ደግሞ ይጠበቅ። የመጀመሪያው፣ የአትክልት ሥራ ለጥፋተኛ ተማሪ ቅጣት ሆኖ አይሰጥ። በቅጣት መቈፈር የተማረ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ መቈፈሪያን ሲያይ ውርደትን ያስባል፤ የአባቱንም ሥራ ይንቃል። ይልቁንም በርትቶ ለተማረ ልጅ የራሱ ረድፍ ይሰጠው። ሁለተኛው፣ የፍሬው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከመዘራቱ በፊት በግልጽ ይነገር። ልጆች ያለሙትን ሌላ ሰው ሲበላው ካዩ የሚማሩት እርሻን ሳይሆን ቂምን ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ እስር ጐመንና ጥቂት ዘር ይዞ ወደ ቤቱ የገባ እንደ ሆነ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ወደ ብዙ ጓሮ ይዛመታል፤ የዚህም ትምህርት ዓላማ ይኸው ነው።

መምህሩ ለተማሪዎች የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች

1. ከዘር በፊት ውሃ፣ ከውሃም በኋላ አፈር የሚቀድመው ስለ ምንድር ነው?
2. የትምህርት ቤታችሁን ጣራ ለክታችሁ፣ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት ስንት ሊትር ውሃ እንደሚሰጥ አስሉ።
3. የላዩን አፈር ከታቹ አፈር ለይቶ ማኖር ጥቅሙ ምንድር ነው?
4. በመንደራችሁ የቈየ እርከን ካለ ማን እንደ ካበው፣ እንዴትም እንደ ተካበ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ።
5. በክረምት ዕረፍት ግቢውን ማን ይጠብቅ? ዋጋውስ ምን ይሁን? በክፍላችሁ ተማከሩ።